የአማቴ ድምፅ በሰም ላይ

አባቴ ቄስ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሰላ ድንጋይ ሴት ልጁን ፊደል የሚያስቆጥር ብዙ አልነበረም። ይህን መጻፍ የቻልኩት በእሱ ነውና ነፍሱን ይማር። ልጄን ያተረፈችልኝን እመቤታችንንም አመሰግናለሁ። ሌላው የምጽፈው የበደሌ ነገር ነው።

ባለቤቴ በአንኮበር ዋንጫ ሠሪ ነበር። የበሬ ቀንድ ይቀቅላል፣ በትኩሱ ያቃናል፣ ይፍቃል፣ እስኪያበራ ይወለውላል። የእኔ ወገኖች ለእጅ ሠራተኛ በመዳሬ አዘኑ። የእሱ እናት ደግሞ የቄስ ልጅ በማግባቱ አዘኑ። «የቄስ ልጅ የምታውቀው ዕጣን ነው፤ ወጥ አታውቅም» ይሉ ነበር። ከአማቴ ጋር በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖርን። ወጤን ሳይነቅፉ የበሉበትን ቀን አላስታውስም። ሳይጨርሱ የተነሡበትንም ቀን አላስታውስም።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠዋት ጠዋት ልጃቸው ወደ ሥራው ሲወጣ ራሱን ዝቅ ያደርግላቸዋል፤ እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው ይመርቁታል። ምርቃቱ አይለወጥም። «ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እጅህን ይባርከው። የጀመርከውን ያስፈጽምህ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ።» አርባ ዓመት የሞላው ሰው ያችን ምርቃት ሳይቀበል ከደጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዝናብ ቢሆን፣ ቢቸኩል፣ ቢጣሉም እንኳ ተመልሶ ራሱን ይሰጣቸዋል።

ነገሩ የሆነው ከብቱ ባለቀበት ዓመት ነው። በየሜዳው የወደቀው ከብት ቀንዱ እንደ ማገዶ ይለቀም ነበር። ባለቤቴ ያን ያህል ቀንድ በሕይወቱ አላየም፤ ዋንጫ የሚገዛው ሰው ግን ጠፋ። እህል የሌለው ሰው በዋንጫ ምን ይጠጣበታል? ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይዞት የወረደውን እንዳለ ተሸክሞ ይመለስ ጀመር። በኋላም መውረዱን ተወው። ሥራ የለመደ እጅ ሲፈታ ሰውዬው እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ደጅ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ልጃችን ታመመች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ውሃ እንኳ አልረጋላት ሲል በፈትል ከራሷ እስከ ተረከዟ ለካኋት። በእኛ ዘንድ የታመመ ልጅ ቁመት በፈትል ይለካል፤ ያው ፈትል ለጧፉ ክር ይሆናል። «ልጄን ብትምሪልኝ በቁመቷ ልክ ጧፍ አገባልሻለሁ» ብዬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ልጄ ዳነች። ከሳምንት በኋላ አማቴን «ሽሮ ስጡኝ» ስትል ሰማኋት። አማቴም «የእናትሽን ወይስ ደህናውን?» አሏት።

ስለቴን የምከፍልበት ሰም አልነበረኝም። ከቤታችን በላይ የአንድ መኳንንት ጠጅ ቤት ነበረ፤ እዚያ ጋን እያጠብኩ ሰፈፉን ይሰጡኝ ጀመር። ሰፈፍ ማር ከተበጠበጠ በኋላ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰም ነው፤ ቆሻሻው ብዙ ነው። አፍልቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አረጋዋለሁ። እስከ ግንቦት ድረስ ሁለት እጅ የሚሞላ ንጹሕ ቢጫ ሰም አጠራቀምኩ። ለኅዳር ጽዮን ላገባው አሰብኩ።

በግንቦት ከቆላው ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣ አንድ ፈረንጅ ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ይዞ መጣ። አቀበቱ ላይ በቅሎዋ ተንሸራታ የመሣሪያው አፍ፣ ከቆርቆሮ የተሠራው፣ ተጨፍልቆ ነበር። በቀንድ እንዲተካለት ተብሎ ባለቤቴ ተጠራ። ሁለት ቀን እዚያ ሠርቶ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ቆሎ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ሰም ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ድምፁን የሚይዘው። ተራ ሰም ነው። መርፌ አለው፤ ሰው ሲናገር ብራና የመሰለች ቆዳ ትንቀጠቀጣለች፣ መርፌው ከቆዳዋ ጋር እየተንቀጠቀጠ ሰሙን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። መልሰው በዚያው ፈር ላይ ሲያስኬዱት የተናገርከውን ይናገራል። አስተርጓሚው ሳል ነበረበት፤ ሳሉን ሳይቀር መለሰው።»

አማቴ ከምድጃው ዳር ሆነው ያዳምጣሉ። «ማን ነው የሚናገረው?» አሉ።

«ሰሙ ነው እማዬ።»

«ሰም የሚናገር ቢሆን የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ስንቱን ጉድ ባወራ።»

እሱ አልሳቀም። ወደ ደጅ ጠራኝና ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ሰባ አልፏታል። ይህን ክረምት ባታልፈውስ? ምርቃቷን ልይዘው ነው። እሷ ባትኖርም ጠዋት ጠዋት ልሰማው።»

ያን ጊዜ ሃሳቡን ወደድኩለት። ጣቶቹን ማየት መተዉንም ወደድኩለት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ መጀመሪያ ላይ ልቤ ንጹሕ ነበር።

ሥራውን የጀመረው በሚያውቀው ነው፣ በቀንዱ። ከለቀማቸው ውስጥ ረጅሙን የበሬ ቀንድ መርጦ ጫፉን ቆርጦ በሳው፤ ሰፊው በኩል የሚናገሩበት፣ ጠባቡ በኩል ቆዳዋ የምትወጠርበት ሆነ። ከወይራ እንጨት የልጅ ክንድ የሚያህል ድብልብል ፋቀ። ሰሙ የሚለበጠው በእሱ ላይ ነው። ይህ ሁሉ አልከበደውም። የከበደው ድብልብሉ እየዞረ ወደ ጎን እንዲሄድ ማድረጉ ነበር፤ ካልሄደ መርፌው አንዱን ፈር ደጋግሞ ያርሰዋል፣ ቃል በቃል ላይ ይወድቃል። ድብልብሉ የሚዞርበትን ዘንግ ጠመዝማዛ ፈር ሊያወጣለት ሦስት ሳምንት በሞረድ እየፈገፈገ አበላሸ።

«ፈሩ እኩል አልሆን አለኝ» አለ።

እኔ በአጠገቡ ስፈትል ነበር። «ሁለት ክር ጎን ለጎን ጠምጥምበት» አልኩት። «ከዚያ አንዱን ፍታው።»

ከእንዝርቴ ላይ ክር ወሰደ፣ በዘንጉ ላይ ሁለት ክር አቀራርቦ ጠመጠመ፣ አንዱን ፈታ፤ በቀረው ክር መሐል ያለውን ክፍተት ተከትሎ ሞረደ። እኩል ጠመዝማዛ ወጣ። ያን ቀን በአማቴ ፊት «ሚስቴ ናት ያገኘችው» አለ። አማቴም «ወጥም ብታገኝ ጥሩ ነበር» አሉ።

ቀጥሎ ሰም ፈለገ።

«ያንቺ ሰም አለ» አለኝ።

«የእኔ አይደለም። የእመቤታችን ነው።»

«አውቃለሁ። አልበላውም እኮ። ድምፅ ክብደት የለውም፤ የሰጠሽኝን ያህል እመልስልሻለሁ። ምርቃቱን ይዤ፣ ሌላ ሰም ሳገኝ ሌላ ላይ አስይዛታለሁ፤ ይህን ለኅዳር ጽዮን ታቀልጪዋለሽ።»

ለነገሩ እንቢ ማለት ነበረብኝ። የተሳለ ነገር አይዋስም፤ ይህን የቄስ ልጅ ሆኜ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ሰጠሁት። ጊዜ አለ ብዬ ነው። ሐምሌ ላይ ልጄን እንደገና ብለካት ከፈትሉ አንድ ጣት አልፋ ነበር። ለባለቤቴ ብነግረው «ስለቱም እያደገ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጠጅ ቤት ሄጄ አንድ ጣት ሰም ጨመርኩ።

ክረምቱን በሙሉ አልሠራለትም። መጀመሪያ የፍየል ፊኛ ወጠረ፤ ተቀደደበት። ከአንድ ጸሐፊ የተጣለ ብራና ለምኖ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ፋቀው፤ የአንኮበር ጉም ሲገባ ብራናው ይረግብና ዝም ይላል። ከሰል ላይ ያደርቀዋል፣ ይወጥራል፣ ጉሙ ተመልሶ ይመጣል። የብረት መርፌው ሰሙን ይቦጭቀው ነበር፤ በመጨረሻ የጃርት እሾህ ጫፉን ሞርዶ ተከለበት፣ እሱ ተስማማው። ሰሙም ቀትር ላይ ይላላል። እኔ ጧፍ ስሠራ እንደማደርገው ጠዋት በምንጭ ውሃ አቀዝቅዤ ሰጠሁት። በዘንጉ ጫፍ የተከለውን እጀታ ማዞር ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ። እሱ ሲያዞር ይቸኩላል፤ የእኔ እጅ እንዝርት ስለለመደ እኩል ይሄዳል። ያለ እኔ እጅ መሣሪያው ምንም አይልም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ጠዋት ቀንዱ ውስጥ «ማነው?» ብሎ ጮኸ። መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። አዞርኩ። መጀመሪያ ሰም የመቧጨር ድምፅ ብቻ መጣ። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ ከገደል ማዶ እንደሚጣራ ሰው፣ «ማነው?» አለ። ልጃችን ከጓሮ «እኔ ነኝ አባዬ» ብላ መለሰች።

ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ አማተብኩ።

አማቴን ለማስቀረጽ ሦስት ሳምንት ልመና ፈጀ። «ምርቃት ለቀንድ አልሰጥም፤ ራስህን አምጣ» ይሉታል። «ራሴን ሁልጊዜ አመጣልሻለሁ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ቀንዱን አስቀድሚልኝ» ይላል። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት እሺ አሉ። ሰሙን በአዲስ ፍቄ አለሰለስኩት። በርጩማቸውን አስጠጋንላቸው። እሱ የቀንዱን አፍ ወደ እሳቸው ይዞ ተንበረከከ፤ ዓይኑ ፊታቸው ላይ ነበር። እኔ ከኋላ እጀታውን ያዝኩ።

«መጀመሪያ ይልመደኝ» አሉ። «ስለ ምን ልናገር?»

«ስለፈለግሽው።»

ስለ እኔ ተናገሩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት፤ «ይህች የቄስ ልጅ ሽሮውን ውሃ አደረገችው። መጾሟ ሳያንስ እኛን ታስጾመናለች። ሰም ታጠራቅማለች፣ ቅምጥ ቅቤ ግን የላትም። ቅቤው ይቅር፣ ዘመኑ ነው። በርበሬው ይቅር። ቃሪያ በጓሮ የለም ወይ?»

እያንዳንዱ ቃል በእጄ ሥር ሲታረስ ይሰማኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ተናግረውኝ ነፋስ ይወስደዋል፤ አሁን የሚሰድቡኝ ስለት ባደረግኩት ሰም ላይ፣ በራሴ እጅ እየዞረ ነበር። «ቃሪያ በጓሮ የለም ወይ?» ብለው አንዴ ተነፈሱ። እጀታውን አቆምኩት።

ከዚያ ነው የመረቁት። «ከክፉ ዓይን ይሰውርህ» ብለው ጀመሩ። እጄ እጀታው ላይ ነበር። ማዞር እችል ነበር። «እጅህን ይባርከው» አሉ። አላዞርኩም። እስከ መጨረሻው ድረስ አላዞርኩም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

ሲጨርሱ ዞሮ አየኝ። «ጠበቀብኝ» አልኩት። «መሐል ላይ እንቢ አለኝ።»

ይህ ውሸት ነው። ከዚያ በፊት ለባለቤቴ ዋሽቼ አላውቅም።

መልሰን ሰማነው፤ ስድቡ ጥርት ብሎ አለ፣ ምርቃቱ የለም። አማቴ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ «ይህች አሮጊት ማን ናት? ትክክል ተናግራለች» አሉ። ባለቤቴ እንደገና እንዲመርቁ ለመናቸው።

«አንዴ መርቄያለሁ። ቀንድህን ጠይቀው» አሉት።

«ቀንዱ አልያዘውም እማዬ።»

«ታዲያ ምን ይሠራልሃል? ነገ ራስህን አምጣ።»

በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ለመናቸው። ቀንዱን ሲያነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ አስቀምጦ ራሱን ሲሰጣቸው ይመርቁታል። ቀስ ብዬ አስማማቸዋለሁ፣ ጊዜ አለ እያልኩ ሳለ በኅዳር መጀመሪያ ደረታቸውን አመማቸው። በአምስተኛው ቀን ዐረፉ። ቆርበው ነው የሞቱት፤ ለዚህ ተመስገን። የመጨረሻ ቀን እጄን ይዘው «የሰጠሽኝ ጥሬ ውሃ ነው ወይስ ሽሮ?» አሉኝ። ውሃ ነበር። ፈገግ ብለው ጠጡት።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ባለቤቴ ለሥራ ተነሣና ከምድጃው ዳር ቆመ። ራሱን ዝቅ የሚያደርግለት ሰው አልነበረም። ወደ መሣሪያው ሄዶ ጠራኝ። እጀታውን አዞርኩ። «ይህች የቄስ ልጅ» አሉ አማቴ። ጆሮውን ቀንዱ ላይ ጥሎ እስከ ቃሪያው ድረስ ሰማ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ሆነ። የሞቱት አማቴ በየጠዋቱ ይሰድቡኛል፤ የማዞረውም እኔ ነኝ። አንድም ቀን እምቢ አላልኩም። ዋጋዬ ነው አልኩ።

ኅዳር ጽዮን ሲደርስ ስለ ሰሙ ጠየቅኩት።

«አርባዋ ይውጣላት» አለኝ። «ከተዝካሯ በኋላ ውሰጂው።»

በዓሉ አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ባዶ እጄን ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ሌሎች ጧፋቸውን ይዘው ሲገቡ ዘወር ብዬ ቆምኩ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ባለቤቴ ለተዝካሩ እህል ሊፈልግ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። በሄደ በማግስቱ ልጄን ትኩሳት ያዛት። እንደ መጋቢቱ ነበር፤ ዓይኗ ይገለበጣል፣ ውሃ አይረጋላትም። የመጣብኝን አወቅኩ። ስለቴን አስቀርቼ ሰሙን ለስድብ ሰጥቻለሁ፤ እመቤታችን የሰጠችኝን እየጠየቀችኝ ነው አልኩ።

ሰሙን ከድብልብሉ ላይ በቢላ ጫፍ ሰነጠቅኩት። ባንድ ጊዜ ወለቀ፤ ውስጡ የወይራ ሽታ ነበረው። በሸክላ ድስት አድርጌ ጣድኩት። ልጄን እንደገና ለካኋት፤ ከፈትሉ ሌላ አንድ ጣት አልፋለች።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጠጅ ቤቱ ከቤታችን አንድ ጥሪ ቢሆን ነው። ሰፈፍ በጋን ሙሉ ነበራቸው፤ ልጄ ታማለች ብል የማይሰጡኝ ሰዎች አልነበሩም። አልሄድኩም። ደግሞም ሰሙ ገና ጠርዙ ሲለሰልስ፣ ፈሩ ሁሉ እንዳለ ሳለ፣ ልጄ ላብ አላባት። ግንባሯን ብነካው በርዷል። «እማዬ ጠማኝ» አለችኝ። ሰጠኋት፤ ረጋላት። ወደ ድስቱ ተመለስኩ። ከእሳት ላወጣው እችል ነበር። ቆሜ አየሁት። ፈሩ እየጠፋ፣ እየለሰለሰ፣ ውሃ እስኪሆን ድረስ ቆሜ አየሁት።

ያደረግኩት ለእመቤታችን ነው ወይስ ያችን ድምፅ ነገ ጠዋት ላለመስማት? ያን ጊዜ ለእመቤታችን ነው አልኩ። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጧፉን ጎንበስ ብዬ ነክሬ ሠራሁ፤ ከልጄ ቁመት በጥቂት ይበልጥ ነበር። ልጄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ አስገባሁት። በሥዕሏ ፊት ሲበራ ምንም ድምፅ አላሰማም። ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም።

ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን መጣ። አህያውን ሳያራግፍ ገባ። ድብልብሉ ራቁቱን እንደሆነ አየ።

«ልጅቷስ?» አለ።

«ታማ ነበር። ድናለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ወጥቶ አህያውን አራገፈ። ስለ ሰሙ አንድ ቃል አልተናገረም፣ በዚያ ቀንም፣ በተዝካሩም ቀን። መሣሪያውን ፈታታው፤ ዘንጉን ማን ወሰደው አላውቅም፣ ቀንዱን ለጠጅ ቤቱ መቅጃ ሰጠው። ከብቱ ተራብቶ ገበያው ሲመለስ ዋንጫውን ይሠራ ጀመር። ሌላ መሣሪያ አልሠራም። ለማን ይሠራል?

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ሽማግሌ ነበሩ፣ አማቴንም ያናዘዙ እሳቸው ናቸው።

«በሰሙ ላይ የነበረው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የአማቴ ስድብ ነው አባቴ።»

መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «እኔንም ቀድሼ ስወጣ ድምፅህ ፍየል ነው ብላኛለች» አሉ። «የእሷ ስድብ በእመቤታችን ፊት ከበራ ይቅር ተብሎላታል ማለት ነው። ስለቱን አዘግይተሻል፤ ለዚያ ስገጂ። ሌላስ?»

ስለ እጀታው ነገርኳቸው። ያን ጊዜ አልሳቁም።

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ስግደቱ ቀላል ነው። ለእሱ ንገሪው።»

ስግደቱን በአንድ ሱባዔ ጨረስኩ። መናገሩን አራት ዓመት አዘገየሁት። በየጾሙ መጨረሻ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ በዓል ሲመጣ በዓሉን አላበላሽም እላለሁ። የነፍስ አባቴም በየጊዜው «ነገርሽው?» ይሉኛል። በኋላ መጠየቁን ተዉት፤ እሱ ባሰብኝ።

አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጦ ዋንጫ ሲፍቅ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ያን ቀን አልጠበቀም» አልኩት። «እጀታውን እኔ ነኝ ያቆምኩት። ሲመርቁህ እያወቅሁ አላዞርኩም።»

መፋቁን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ሰሙ። ቢጠብቅ ኖሮ መርፌው ይዘልል ነበር፣ ፈሩ ይቀደድ ነበር። ፈሩ ቀስ ብሎ ነው የቆመው። ሰው ሲያቆመው እንዲያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጣት ሙሉ ለስላሳ ሰም ነበረ።»

ያን ሁሉ ጠዋት ጆሮውን ቀንዱ ላይ ሲጥል ያን ለስላሳ ሁለት ጣት ሲያይ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በመጀመሪያው ቀን ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ እናቴ ሞተች፤ አንቺም ስድብሽን በየጠዋቱ ታዞሪልኝ ጀመር። አንድ ቀን አቁሚ ብዬ አልተውኩሽም። እኔም በደልኩሽ። ምን ብዬ ልጀምር?»

አለቀስኩ። እሱ ዋንጫውን አገላበጠና አየው፣ ከዚያ ሞረዱን አስቀመጠ።

«ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያለችውን። ከመጀመሪያው።»

አስታውሰዋለሁ። አርባ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ በየጠዋቱ ሰምቼዋለሁ፤ ትንፋሻቸው የት እንደሚያርፍ፣ «ቅቤው ይቅር» ሲሉ ድምፃቸው የት እንደሚወርድ አውቃለሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ «ይህች የቄስ ልጅ ሽሮውን ውሃ አደረገችው» አልኩ፣ በእሳቸው አነጋገር። እስከ ቃሪያው ድረስ አልኩለት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ እናቱ ስትናፍቀው «እስቲ በይ» ይለኝ ነበር፤ እኔም ራሴን እሰድብለታለሁ። እስኪሞት ድረስ እንዲህ ኖርን። ልጄ አሁን የልጆች እናት ናት፤ አንዳንዴ ለልጆቿ ቅድመ አያታቸውን አሰሚልኝ ትለኛለች፣ አሰማቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። ደግ ባል፣ የዳነች ልጅ፣ የልጅ ልጆች ሰጥቶኛል፤ ከሥራዬ በላይ ነው።

ምርቃቱንም በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። ባለቤቴ ግን አንድም ቀን እሱን በይልኝ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ልበልልህ ብዬው አላውቅም።